በፕሪንተር የተጀመረው ነጻነት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። «ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ላስጭን ነው፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። የወዳጄ ላፕቶፕ ደግሞ ዕድሜው ገፋ ያለ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። ማሽኑ ግን ደህና ነው። ይጽፋል፣ ያነባል፣ ፊልም ያሳያል። ሶፍትዌሩ ጡረታ ወጣ ተብሎ ደህና ዕቃ አይጣልም።

«አስጭን» አልኩት። ቀጥዬ ግን «ፕሪንተር አለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ሊኑክስን ከ10 ዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። ጽሑፌን የምጽፈው፣ የቃለ መጠይቅ ድምፅ የምቆርጠው በእሱ ነው። እንደ እሱ ያናደደኝ ሶፍትዌር የለም። ሁለት ጊዜ ምዬ ትቼው ሄጃለሁ፤ ሁለቴም ተመልሻለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ሊኑክስን ለማጥላላትም ለመስበክም አይደለም። የንዴቱን ታሪክ ልነግራችሁ ነው። ዋይፋይ እምቢ ማለቱ፣ ድምፅ ድንገት መጥፋቱ፣ አፕዴት ካደረጉ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ ማፍጠጡ፣ እርዳታ ሲጠይቁ «መጀመሪያ አንብበህ ና» መባሉ፣ ሁሉም ለየብቻ የመጣ መጥፎ ዕድል ይመስላል። አይደለም። አንድ ሥር አላቸው፤ ሥሩም ከ40 ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የመጀመሪያው ፕሪንተር

ጊዜው 1980 አካባቢ፣ ቦታው አሜሪካ ውስጥ የኤምአይቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ ነው። እዚያ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ይሠራ ነበር። የላብራቶሪው ፕሪንተር ወረቀት እየያዘ ያስቸግራል። ሰው ህትመቱን ልውሰድ ብሎ ሲሄድ ማሽኑን ቆሞ ያገኘዋል። ስቶልማን የፕሪንተሩን ፕሮግራም ከፍቶ አንድ ነገር ጨመረበት። ወረቀት በያዘ ቁጥር፣ ህትመት ለሚጠብቁት ሁሉ በየኮምፒውተራቸው መልእክት ይደርሳቸዋል፤ አንዱ ሄዶ ያስተካክለዋል። የማሽኑን አመል አላስተወውም፤ የሰዉን ከንቱ ምልልስ ግን አስቀረ።

ከዚያ ዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ለላብራቶሪው ሰጠ። ፈጣንና ዘመናዊ ነው፤ ወረቀት ግን እሱም ይይዛል። ስቶልማን ያንኑ ማስተካከያ ሊጨምርበት ሲፈልግ፣ ከፕሪንተሩ ጋር ሶርስ ኮድ አልመጣም። ኮዱ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ባለሙያ ዘንድ እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ጠየቀ። ሰውዬው ለማንም ላለመስጠት ፈርሜያለሁ ብሎ መለሰው።

ስቶልማን ያንን እምቢታ ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ኖሯል። በሴፕቴምበር 1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት አስታወቀ፤ በ1985 የፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንን መሠረተ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ሰው የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር እንደፈለገ ማስኬድ፣ ውስጡን ማየት፣ ማሻሻልና ለሌላው ማካፈል መብቱ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ስቶልማንን ያናደደው የፕሪንተሩ ብልሽት አልነበረም። መጠገን እየቻለ መከልከሉ ነው። ይህ የጠጋኝ ንዴት ነው። የእኔና የወዳጄ ንዴት ግን ሌላ ነው፤ ማንም አልከለከለንም፣ አንችልም እንጂ። እንቅስቃሴው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጠጋኞችን ጥያቄ ሲመልስ ቆይቷል። የእኛን ጥያቄ የጠየቀው ዘግይቶ ነው።

«ያለኝ ይህ ነው»

በ1991 የስቶልማን ሰዎች አብዛኛውን መሣሪያ ሠርተው ጨርሰው ነበር። የጎደላቸው ዋናው ሞተር፣ ከርነሉ ነው። ኦገስት 25 ቀን 1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለትርፍ ጊዜው ብሎ የጀመረው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንዳለ በኢንተርኔት አስታወቀ። እንደ ግኑ ትልቅ ነገር እንደማይሆን አስቀድሞ ተናግሯል። ከሌላ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ጋር ምናልባት መቼም እንደማይሠራ፣ እሱ ያለው የራሱ ዓይነት ብቻ ስለሆነ፣ ይህንንም አልደበቀም።

ይቺን የመጨረሻዋን ነጥብ ብዙ ሰው ያልፋታል። ለእኔ ግን የሊኑክስ ተጠቃሚ ሕይወት በሙሉ እዚያች ውስጥ አለ። ሊኑክስ ላይ አንድ ዕቃ የሚሠራው ያ ዕቃ ያለው፣ ኮድ መጻፍ የሚችል፣ ጊዜም ያለው ሰው ሲገኝ ነው። የእናንተ የዋይፋይ ቺፕ እንደዚህ ዓይነት ሰው እጅ ገብቶ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ።

የተከተለው ተአምር ነው ማለት ይቻላል። ሊኑክስ በ1992 ወደ ስቶልማን ፈቃድ ተዛወረና ከየአገሩ ፕሮግራመሮች ጎረፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው። ቀጥሎ ገንዘብ መጣ። በ2000 አይቢኤም በቀጣዩ ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ሊኑክስ ላይ እንደሚያወጣ አስታወቀ። ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ፈጣን በሚባሉት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ የሚሠራው ሊኑክስ ነው። ይህን ጽሑፍ በአንድሮይድ ስልክ እያነበባችሁ ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ከርነል ሊኑክስ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የቻለ ሶፍትዌር እንዴት የእኔን ፕሪንተር አቃተው? መልሱ ገንዘቡ በሄደበት ነው። ለሰርቨር ከፋይ አለ፤ ባንክ ይከፍላል፣ ቴሌኮም ይከፍላል። ለስልክ ከፋይ አለ። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን ተጠቃሚው በነጻ ሊያገኘው የመጣ ነው፤ ማን ይክፈል? ሞተሩን መቶ ኩባንያ ሲገፋው ወንበሩንና መስኮቱን ጥቂት ሰዎች ያበጃሉ።

በር የዘጉት

ሁሉን ጥፋት ሊኑክስ ላይ መጣል ግን ግፍ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ የዋይፋይ ታሪክ ልጀምር። ብሮድኮም በጊዜው ስፍር ቁጥር የሌለው ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባ የዋይፋይ ቺፕ ይሠራ ነበር። ለዊንዶውስ ድራይቨር ይሰጣል፤ ለሊኑክስ ግን ድራይቨርም ስለ ቺፑ የሚያስረዳ ሰነድም አልሰጠም። ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የቺፑን አሠራር ራሳቸው እያጠኑ ፈለቀቁት። ያም ሆኖ ቺፑ ውስጥ የሚጫነውን ፈርምዌር የማሰራጨት መብት ስላልነበራቸው ተጠቃሚው ራሱ ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ይነገረዋል።

እስቲ አስቡት። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። በእኛ አገር በዚያን ጊዜ ይህ ማለት ፍላሽ ይዞ ኢንተርኔት ካፌ መሄድ፣ በደቂቃ እየከፈሉ ማውረድ፣ ቤት ተመልሶ መሞከር፣ ሌላ አንድ ፋይል መጉደሉን ማወቅ፣ እንደገና ካፌ መሄድ ነበር። ብሮድኮም ለአዳዲስ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ያወጣው በሴፕቴምበር 2010 ነው።

የግራፊክስ ካርዱ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨር ይሰጥ ነበር፤ ግን ዝግ ነው። ከርነሉ በየጊዜው ሲታደስ ዝጉ ድራይቨር ወደኋላ ይቀራል፤ አፕዴት አድርጎ ኮምፒውተሩን ያስነሳ ሰው ጥቁር ስክሪን ይጠብቀዋል። በ2012 ቶርቫልድስ ፊንላንድ፣ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለዚህ ሲጠየቅ ካሜራ ፊት ለኤንቪዲያ መሐል ጣቱን አወጣ። ኩባንያው የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ክፍት ያደረገው ከ10 ዓመት በኋላ በሜይ 2022 ነው።

ላፕቶፑን ከድነው ሲከፍቱት የማይነቃበት ችግርም ታሪክ አለው። ኤሲፒአይ የሚባለው የኮምፒውተርን ኃይልና እንቅልፍ የሚያስተዳድር ስምምነት በ1990ዎቹ መጨረሻ ማይክሮሶፍትና ኢንቴልን ጨምሮ በኩባንያዎች የወጣ ነው። ቢል ጌትስ በጃንዋሪ 1999 ለባልደረቦቹ የጻፈው ኢሜይል ኋላ አይዋ ግዛት ውስጥ በነበረ ክስ ማስረጃ ሆኖ ወጥቷል። እኛ ደክመን ሊኑክስ በነጻ ይጠቀምበት ወይ፣ ለዊንዶውስ ብቻ የሚሆንበት መንገድ የለም ወይ የሚል መንፈስ ያለው ነው። ሐሳቡ ተፈጽሟል ማለቴ አይደለም። መፈጸምም አያስፈልገውም ነበር፤ አምራቾቹ ላፕቶፓቸውን በዊንዶውስ ብቻ ፈትነው ካወጡት ውጤቱ ያው ነው።

ስለዚህ ዕቃችሁ እምቢ ሲላችሁ ብዙ ጊዜ በሩን የዘጋው የዕቃው አምራች ነው። ይህ እውነት ነው፤ የሊኑክስ ሰዎችም ደጋግመው ይነግሯችኋል። ግን ማታ 5 ሰዓት ላይ ሥራውን ማስረከብ ላለበት ሰው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማወቁ ዋይፋዩን አያበራለትም።

ቤቱ በየጊዜው ሲፈርስ

በውጭ የተዘጋው በር ይህ ነው። በውስጥ የመጣውን ደግሞ እንይ።

በ1996 ማቲያስ ኢትሪች የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ ለተራ ተጠቃሚ የሚሆን ዴስክቶፕ እንሥራ ብሎ ኬዲኢን ጀመረ። ሐሳቡ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን የተጠቀመበት መሣሪያ ኪውቲ በጊዜው ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ነጻ አልነበረም። በዚህ የተቆጡ ሌሎች በ1997 ጂኖም የሚባል ሁለተኛ ዴስክቶፕ ጀመሩ። የኪውቲ ፈቃድ ኋላ ተስተካከለ፤ ሁለቱ ዴስክቶፖች ግን እስከ ዛሬ ለየብቻ ናቸው።

መለያየቱ ብቻውን ባልከፋ። ችግሩ እንደገና መጀመር ልማድ መሆኑ ነው። በጃንዋሪ 2008 ኬዲኢ 4.0 ወጣ፤ ከሥር ከመሠረቱ እንደ አዲስ የተጻፈ፣ ገና ያልበሰለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆነ። በኤፕሪል 2011 ጂኖም 3 መጣና ሰው የለመደውን ምናሌና የታች አሞሌ አነሳ። ቶርቫልድስ ራሱ በይፋ አማሮ ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ሄደ። በዚያው ወር ኡቡንቱ ዩኒቲ የሚባል የራሱን መልክ ዋና አደረገ፤ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ከለመደው በኋላ በኤፕሪል 2017 እንደሚተወው አስታወቀ።

ድምፁም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ኦኤስኤስ ነበር፤ ከዚያ አልሳ ተካው። ከዚያ ፐልስ ኦዲዮ በላዩ መጣ። በ2008 ኡቡንቱ ፐልስ ኦዲዮን ሳይበስል ሲያስገባው የስንቱ ሰው ድምፅ እንደጠፋ በጊዜው የነበሩ ያውቁታል። ዛሬ ደግሞ ፓይፕዋየር አለ፤ እውነት ለመናገር ከሁሉም የተሻለ ነው። ግን ወደዚህ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ጸጥ ባለ ኮምፒውተር ፊት እንደተቀመጥን እኛ ነን የምናውቀው።

ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው? ፈቃደኛ ሠራተኛ የሚስበውን ይሠራል። የሚስበው ደግሞ አዲስ ቤት መሥራት እንጂ የአሮጌውን ጣሪያ ቀዳዳ መድፈን አይደለም። መቶ ትንንሽ ብልሽት ማስተካከል አሰልቺ ነው፤ ማንም አያመሰግንበትም። ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ግን አሰልቺም ቢሆን ይሠራዋል።

በዚህ ላይ የምክር ችግር አለ። ሥርዓቱ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለችግራችሁ መፍትሔ ስትፈልጉ የምታገኙት መልስ ከ8 ዓመት በፊት ለነበረ ሌላ ሥርዓት የተጻፈ ነው። ጀማሪው ትእዛዙን ቀድቶ ጥቁሩ መስኮት ላይ ይለጥፈዋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። የቀድሞው ችግር ሳይፈታ ሌላ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው ፕሪንተር

ኤሪክ ሬይመንድ የክፍት ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ዋና ተሟጋችና ጸሐፊ ነው። በ1997 ባቀረበው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ጥሩ ሶፍትዌር የሚወለደው ፕሮግራመሩ የራሱን ችግር ለመፍታት ሲነሳ ነው ብሎ አስተምሯል። ይህ ለብዙዎች እንደ ሃይማኖት ሆኖ ቆየ።

በ2004 ይኸው ሰውዬ ቤቱ ውስጥ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በኔትወርክ የተያያዘ ፕሪንተር ላይ ለማተም ሞከረ። አቃተው። ዕድሜውን በዩኒክስ የኖረ፣ ስለ ሶፍትዌር መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ምናሌው የሚጠይቀው ጥያቄ አይገባም፤ መመሪያው የሚመልሰው ያልተጠየቀውን ነው። ተናዶ አንድ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ። የጽሑፉ መንፈስ፣ እኔ እንዲህ ከሆንኩ ስለ ኮምፒውተር የማታውቀው አክስት ምን ልትሆን ነው የሚል ነበር። ጥፋቱንም በአክስቲቱ ላይ ሳይሆን በፕሮግራመሮቹ ላይ ጣለው። ተጠቃሚው ሳያውቅ የመጠቀም መብት አለው አለ።

የእኔ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ሬይመንድ በ1997 ያስተማረው ትምህርት በ2004 ራሱን መታው። ሁሉም የራሱን ችግር ከፈታ፣ የፕሮግራመር ችግር በሙሉ ይፈታል። የአክስቲቱን ችግር የሚፈታ ግን የለም፤ አክስቲቱ ኮድ አትጽፍምና። ኮዱ ክፍት ነው፣ አሻሽይው ቢሏት ለእሷ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን አታይም።

«መጀመሪያ አንብበህ ና» የሚለው መልስ የተወለደውም ከዚሁ ነው። ጠጋኞች ለጠጋኞች በሠሩት ቤት ውስጥ፣ መጠገን የማይችል ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። ብዙ ብልህ ሰው ሊኑክስን የተወው ሶፍትዌሩ ስለከበደው ብቻ አይመስለኝም። ባለማወቁ እንዲያፍር ስለተደረገ ነው።

ሙኒክ

የግለሰብ ንዴት ወደ መንግሥት ቢሮ ሲገባ ምን እንደሚሆን የጀርመኗ ሙኒክ ታሳየናለች። በ2003 የከተማዋ ምክር ቤት ኮምፒውተሮቹን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለማዛወር ወሰነ። የማይክሮሶፍቱ አለቃ ስቲቭ ባልመር የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍቱን አቋርጦ ከንቲባውን ክርስቲያን ኡደን ሊያግባባ እስከ መሄድ ደርሶ ነበር። አልተሳካለትም። ሥራው ዓመታት ፈጀና በ2013 ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ሊሙክስ ወደተባለው የራሳቸው ሥርዓት ዞሩ።

ከዚያ ከንቲባ ተቀየረ፤ ቅሬታው ጎላ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣው የወርድ ሰነድ ሲከፈት ይዛባል፤ ለአንዳንድ ሥራ የሚያስፈልገው ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ ነው የሚገኘው፤ ብልሽት ሲገጥም ቶሎ የሚደርስ የለም። በኖቬምበር 2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ድምፅ ሰጠ፤ ወጪው 50 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ተገምቷል።

አስገራሚው ነገር፣ ከተማዋ ራሷ ያስጠናችው ጥናት የችግሩ ዋና ምንጭ የኮምፒውተር ክፍሉ አደረጃጀት መሆኑን ነበር የጠቆመው። ሥራው በየመምሪያው ተበታትኖ ነበር። ግን ፕሪንተሩ እምቢ ያለው ሠራተኛ አደረጃጀቱን አያይም። የሚያየው ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ነው። ዊንዶውስ ሲበላሽ «ኮምፒውተሩ ተበላሸ» እንላለን፤ ሊኑክስ ሲበላሽ «ሊኑክስ ስለሆነ ነው» እንላለን።

እኛ ዘንድ

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ የእንግሊዝኛን ችግር ይጋራል። «ነጻ» ስንል ነጻነት ያለውም ማለት ነው፤ ዋጋ የማይከፈልበትም ማለት ነው። ስቶልማን የሚታገልለት የመጀመሪያው ነው። ሰው የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። እኛ አገር ደግሞ ሁለተኛው ከነጭራሹ ጥቅም የለውም፤ ዊንዶውስም በነጻ ነዋ! ኮምፒውተር ቤት ወስዶ ፎርማት ማስደረግ ነው። ክራክ የተደረገው ዊንዶውስ፣ ኦፊሱ፣ ፎቶሾፑ አብሮ ተጭኖ ይመጣል። ፈቃድ የሚገዛ ሰው ብርቅ ነው። ጀርመን ውስጥ ሊኑክስ ወጪ ይቀንሳል ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እዚህ ግን የሚቀነስ ወጪ የለም። የቀረው ነጻነቱ ብቻ ነው፤ ነጻነት ደግሞ ፕሪንተር አያሠራም።

ሌላው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ፣ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ከዚያም በኋላ ቢሮዎቻችን ለረጅም ጊዜ በእነዚያው ፎንቶች መጻፍ ቀጠሉ። እነዚህ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለዊንዶውስ ነው። ስለዚህ የድሮ የቢሮ ሰነድ ሊኑክስ ላይ ስትከፍቱ አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ታያላችሁ። ሊኑክስ አማርኛ አይችልም የሚለው ወሬ የመጣው በከፊል ከዚህ ይመስለኛል። ይችላል። ዛሬ በዩኒኮድ አማርኛ መጻፊያው ከብዙዎቹ ስርጭቶች ጋር ይመጣል ወይም በጥቂት ደቂቃ ይጫናል። የማይችለው በዝግ መንገድ የታሰረውን የራሳችንን የድሮ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ብሮድኮም ቺፑን እንደዘጋው እኛም ሳናውቅ ሰነዶቻችንን ዘግተናል።

ሦስተኛው ፕሪንተር የእኔው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሥራ በወረቀት፣ ፈርሜበት፣ ጠዋት ማስረከብ ነበረብኝ። ቤት ያለው ፕሪንተር አሮጌ ነው፤ አምራቹ ለሊኑክስ ድራይቨር አላወጣለትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ታገልኩት። ያላነበብኩት መመሪያ፣ ያልለጠፍኩት ትእዛዝ የለም። አንዴ ሃያ ባዶ ወረቀት ተፋና ጸጥ አለ። ጠዋት ፍላሽ ይዤ ሰፈር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። እዚያ ስከፍተው መስመሩ ተዛብቷል፣ የገጹ ቁጥር ተንሸራቷል፣ ሠንጠረዡ ለሁለት ተከፍሏል። የምትሠራዋ ልጅ አየችኝና «ፒዲኤፍ አድርገህ ብታመጣው ኖሮ'ኮ» አለችኝ።

አንድ ሌሊት ሙሉ ያነበብኳቸው ባለሙያዎች ሁሉ ያልነገሩኝን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረችኝ። ምክንያቱም እነሱ ፕሪንተሩን ሊጠግኑ ነበር የፈለጉት። እሷ ወረቀቱን ልትሰጠኝ ነው የፈለገችው።

ምን ተሻሻለ? ማን አሻሻለው?

ታሪኩን እዚህ ላይ ባቆመው ሐሰት ይሆንብኛል፤ ብዙ ነገር ተሻሽሏልና። እንዴት እንደተሻሻለ ስታዩ ግን ነገሩ ይገባችኋል።

ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ በ1999 ኩባንያውን ሸጦ ባገኘው ሀብት በ2004 ኡቡንቱን አወጣ። የራሱ ያልሆነ ችግር ለመፍታት ደሞዝ ከፈለ። እስከ 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ወደየአገሩ ይልክ ነበር። ሊኑክስን መጫን የባለሙያ ሥራ መሆኑ ቀረ።

ጌም ሊኑክስ ላይ አይሠራም ይባል ነበር። ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ በ2018 ፕሮቶንን፣ በ2022 ስቲም ዴክን አወጣ፤ የዊንዶውስ ጌሞች ሊኑክስ ላይ መሥራት ጀመሩ። ቫልቭ ይህን ያደረገው ለጽድቅ አይደለም፤ በማይክሮሶፍት ሱቅ ሥር መውደቅ ስላልፈለገ ነው። ጥቅሙ ግን ለሁላችን ደረሰ።

ፕሪንተሩን ደግሞ ማን አዳነው መሰላችሁ? ስልክ! ሰው ከስልኩ ማተም ሲፈልግ ለእያንዳንዱ ፕሪንተር ድራይቨር መጫን አይቻልም። አፕል በ2010 ኤርፕሪንትን አመጣ፤ ፕሪንተሮች ያለ ድራይቨር የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ተስፋፋ። ያ ቋንቋ ክፍት በሆነ ስምምነት ላይ የቆመ ስለሆነ ሊኑክስም ይናገረዋል። ዛሬ ከስልክ ማተም የሚቀበል ፕሪንተር አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ላይም ያለ ብዙ ጣጣ ይሠራል። ስቶልማን በመብት ሊያስከፍተው የታገለለትን በር በስተመጨረሻ ያስከፈተው ገበያ ነው፤ ከበሩ ኋላ የቆመው ኮድ ግን የስቶልማን ልጆች የጻፉት ነው።

ከዚህ ሁሉ የደረስኩበት ይህ ነው። የሊኑክስ ችግር የሚፈታው ችግሩ የሌለበት ሰው፣ ችግሩ ላለበት ሰው ሲል ለመሥራት ምክንያት ሲያገኝ ነው። ምክንያቱ ደሞዝ ሊሆን ይችላል፣ ጥቅም ሊሆን ይችላል፣ ደግነትም ሊሆን ይችላል። ነጻነት ለዚህ ቦታ ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ሥራውን አይሠራም። አገራችን ውስጥ «ክፍት ሶፍትዌር እንጠቀም» የሚል መሥሪያ ቤት ካለ፣ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ሶፍትዌሩ ስንት ያወጣል የሚለው አይደለም። ፕሪንተሩ እምቢ ሲል ለማን ነው የሚደወለው የሚለው ነው። ከፈቃድ የሚተርፈውን ብር ለዚያ ሰው ደሞዝ የማያውል መሥሪያ ቤት ባይጀምረው ይሻላል።

ሊኑክስ ልትጭኑ ላሰባችሁ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። መጀመሪያ ከፍላሽ አስነሱትና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ከድኖ መክፈቱን ሞክሩ፤ የማይሠራ ነገር ካለ ሳትጭኑት ዕወቁት። ፕሪንተራችሁ ከስልክ የሚያትም መሆኑን አረጋግጡ። ሰነዳችሁን ለሰው ስትሰጡ ፒዲኤፍ አድርጉት። አንድ ሁለት ነገር ሲያቅታችሁ ደግሞ አትፈሩ፣ አትፈሩም ብቻ ሳይሆን አትፈሩበት፤ ሬይመንድም አቅቶታል።

ወዳጄ ባለፈው ቅዳሜ ደወለልኝ። አስጭኗል። ፕሪንተሩ በሁለት ደቂቃ ሠራለት። «ታዲያ ምን ነበር ያ ሁሉ ማስፈራራት?» ብሎ ሳቀብኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ግን «ብሉቱዙ ነው ያላገኘልኝ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ።

አንብበህ ና አላልኩትም። ላፕቶፕህን ይዘህ ና አልኩት።

እናንተስ ምን ገጥሟችሁ ነበር? ከታች ጻፉልኝ።